ጌጣጌጥ የሌለው አዲስ መኪና ከየት ይገዛል?

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ባሕር ዳር ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ማብራሪያው ግን ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አዲስ መኪና መግዛት እፈልጋለሁ። አዲስ ስል ሰው ያልነዳው ማለቴ ነው። ግን ምንም ነገር እንዳይኖረው ነው የምፈልገው። ስክሪን አልፈልግም። ካሜራ አልፈልግም። የሚሞቅ ወንበርማ ባሕር ዳር ላይ ምን ሊያደርግልኝ! መስኮቱ በእጅ የሚዞር፣ ካምቢዮው ማንዋል፣ ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩ ፕላስቲክ ሳይለብስ የሚታይ፣ ሲበላሽ ደግሞ አባይ ማዶ ያለ ማንኛውም ጋራዥ ያለ ኮምፒውተር የሚሠራው። በቃ ይኸው ነው። ሥራዬ ከዘጌ ቡናና ጌሾ እያመጣሁ ለከተማው ነጋዴ ማከፋፈል ነው። ጆንያ የሚጭን፣ ክረምት ላይ ጭቃ የማይፈራ፣ ውስጡ ጌሾ ጌሾ ቢሸት የማልሳቀቅበት መኪና ነው የሚያስፈልገኝ። እስካሁን አንዳንዴ በጀልባ፣ አንዳንዴ በሰው መኪና ነው የምገፋው።

ደላሎቹ ሁለት ዓይነት ነገር ብቻ ነው የሚያሳዩኝ። አንዱ ዕድሜው ከልጆቼ የሚበልጥ ቪትዝ ነው። ሌላው ጣሪያው ሳይቀር መስታወት የሆነ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። መሃል ላይ ያለው ተራ መኪና የት ገባ? ፋብሪካዎቹ መሥራት አቆሙ? ወይስ እኛ ጋ መድረስ ነው ያቃተው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ይህን ከለጠፍኩ በኋላ ከሥሩ የተከተለው የውይይት ክር ካሰብኩት በላይ ረዘመ። ሁሉን ለማንበብ ዳታ አልበቃንም ያላችሁኝ ስለበዛችሁ፣ ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ አማርኛ እነግራችኋለሁ። ያልተስማማኝ ቦታ ላይ የራሴን ጣል አደርጋለሁ። ጥያቄው የኔ ስለሆነ መብቴ ነው።

ምላሽ 1 ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አሟልቶ፣ ሥራዬን መርቆ ነው ተስፋዬን የቆረጠው። ከጥር 2016 ወዲህ በቤንዚንም ሆነ በናፍጣ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት መከልከሉን አስታወሰኝ። ምክንያቱ ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር ነው። ከኢትዮጵያ ቀድሞ እንዲህ ያደረገ አገር እንደሌለም ጨመረልኝ። ስለዚህ ኮፈን ከፍቶ ሞተር ማየት የሚባለው ነገር አዲስ መኪና ላይ አብቅቶለታል ባይ ነው።

ምላሽ 2 ወዲያው አረመው። የተከለከለው ማስገባቱ እንጂ መሸጡ አይደለም። ከክልከላው በፊት የገቡት አሁንም ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ነው። እኔ ለምፈልገው ነገር ቅርብ የነበረው ሱዙኪ ዲዛየር መሆኑንም ያነሳው ይኸው ሰው ነው። 1.2 ሊትር ሞተር፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ ነዳጅ ቆጣቢ፣ ስፔሩ በየቦታው የሚገኝ። አዲስ አበባ ላይ የታክሲ ሹፌሮች የተሻሙበት በከንቱ አይደለም። አሁን ግን ዜሮ ኪሎ ሜትር የሚባለው ቢገኝ እንኳ ዋጋውን የሚቆርጠው የደላላው አፍ ነው። ይህን ሲጽፍ ትንሽ ተናዷል። አልፈርድበትም።

3ኛውን የጻፉት አባይ ማዶ ጋራዥ ያላቸው ሰው ናቸው። ስም ስለማልጠራ ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው መኪና የሚሉት ዲኤክስ የሚባለውን የድሮ ቶዮታ ኮሮላን ነው። ካርቡራተሩ በቤንዚን ይታጠባል። ካንዴላው በብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል። የመስኮቱ ማዞሪያ ሲሰበር ባለቤቱ ፒንሳ በሩ ኪስ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ፖሊስ ሲያስቆመው በፒንሳ አዙሮ መስታወቱን ያወርዳል፣ እንዲያ እያደረገ ዓመት ይነዳል። አሁን የሚመጡት መኪኖች ላይ ግን የግንባር መብራት አምፖል ለመቀየር እንኳ ፓራውልት ማውረድ የሚጠይቁ አሉ ብለው አዘኑ። ከዚያ ላፕቶፕ፣ ከዚያ ገመድ፣ ከዚያ የይለፍ ቃል። እኔ አንጀቴ ራሰ። ሌላው ሰው ግን አልተደሰተም።

ምላሽ 4 ገና ከመጀመሪያው መስመር ኮስተር ያለ ነው። ዲኤክስን የሚያወድስ ሰው ዲኤክስ ሲጋጭ አላየም ነው የሚለው። ኤርባግ የለም፣ ኤቢኤስ የሚባለው ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን የለም፣ የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ ካለ ዕድል ነው። ከሐሙሲት መንገድ ላይ የወንድሙን አስከሬን ከእንዲህ ያለ መኪና ውስጥ ያወጣ ሰው መሆኑን መጨረሻ ላይ ጻፈ። ለዚህ መልስ የሰጠ የለም። ጋሼም ነፍስ ይማር ብለው ብቻ አለፉ።

ጨዋታውን የመለሰው 5ኛው ነው፤ ባጃጅ ነጂ። የምፈልገው መኪና እዚሁ ከተማ እንደሞላ፣ ጎድሎ የተገኘው አንድ ጎማ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። እስቲ ቁጠር አለኝ፦ ስክሪን የለውም፣ ካሜራ የለውም፣ መስኮት ራሱ የለውም። ሞተሩ 200 ሲሲ ገደማ ነው። ስፔሩ ከፋሲሎ እስከ ጊዮርጊስ ባለ በየሱቁ አለ። ችግሩ ቤንዚን ነው። በ2017 ሊትሩ ከ100 ብር ዘልሏል፣ እሱም ከማደያው ከተገኘ ነው። ካልተገኘ በውኃ ላስቲክ ከመንገድ ዳር ይገዛል፤ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለ የሚታወቀው ሞተሩ ሲያስነጥስ ነው። ነገሩ ያስቃል ግን ሐምሌ ላይ በዘጌ መንገድ ጆንያ ጭኜ በባጃጅ ሄጄ ስለማውቅ ሳቄ ብዙ አልቆየም። ባጃጁን የገፋነው እኛ ነን።

ምላሽ 6 አራት ጎማ ያለው የባጃጅ ኩባንያ መኪና፣ ኪዩት የሚሉት ባለ 216 ሲሲው፣ አይሆንህም ወይ ብሎ ጠየቀ። ምላሽ 7 ያንን ካፖርት የለበሰ ባጃጅ ነው ብሎ ዘጋው። የጌሾ ጆንያ የሚጭንበት ቦታ አላየሁበትም፣ እኔም አልፌዋለሁ።

ለኔ የክሩ ቁም ነገር ያለው ምላሽ 8 ላይ ነው። ጸሐፊው ትራንዚተር ነው፤ የአስመጪዎችን ዕቃ ከጉምሩክ ለማስወጣት ጅቡቲ ወደብ ሲመላለስ የኖረ ሰው። ነገሩን ከሥሩ አስረዳኝ። መኪና ሲገባ መጀመሪያ የጉምሩክ ቀረጥ ይጣልበታል። በዋጋውና በቀረጡ ድምር ላይ ኤክሳይዝ ይመጣል። በዚያ ሁሉ ድምር ላይ 15 በመቶ ቫት አለ። እንደገና በዚያ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ አለ። 3 በመቶ ዊዝሆልዲንግም አይቀርም። ግብሩ በግብር ላይ ነው የሚደረበው። ከዚያ ሁለት መኪና አስቡ ይላል፣ አንዱ ባዶ፣ ሌላው ሙሉ። የመርከቡ ኪራይ ለሁለቱም እኩል ነው። ከጅቡቲ የሚጭነው ከባድ መኪና ኪራይ እኩል ነው። የባንኩ ጣጣ፣ የመጋዘኑ፣ የትራንዚቱ እኩል ነው። ዶላር ለማግኘት የተጠበቀው ወረፋም እኩል ነው። እንግዲህ አስመጪው ከሙሉው የሚያገኘው ትርፍ ከበለጠ ባዶውን ምን ብሎ ያመጣል? ገዢውም ቢሆን ያን ሁሉ ብር ቆጥሮ ከሰጠ በኋላ መስኮት በእጄ አላዞርም ይላል። ስለዚህ ተራውን መኪና የገደለው ፋብሪካው ሳይሆን መንገዱ ነው፤ ከፋብሪካው በር እስከ ባሕር ዳር ያለው ወጪ ርካሹንም ውዱንም አንድ ያደርጋቸዋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ደላላውን መውቀስ ቀነስኩ።

ምላሽ 9 ሕግ ጠቅሶ ገባ። የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ የወጣው ልክ እንደኔ ላለ ሰው ነው አለ። አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኖ፣ አዲስና ትንሽ ሞተር ያለውን ቀለል አድርጎ፣ ሰው አዲስ እንዲገዛ፣ ጭሱም እንዲቀንስ። ምላሽ 10 በዚህ ላይ ተነሣበት። ወረቀት ላይ ነው እንጂ መሬት ላይ የሆነው ተቃራኒው ነው ብሎ። አዲሱ አልረከሰም፣ አሮጌው ተወደደ። ግቢው ውስጥ ቪትዝ ያቆመ ሰው ተኝቶ ሳለ ሀብታም ሆኖ ነቃ። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለ፤ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ከድጡ ወደ ማጡ። እዚህ ድረስ ጥሩ ክርክር ነበር። ከዚያ 10ኛው 9ኛውን ካድሬ አለው፣ 9ኛውም መልሶ ፊደል ያልቆጠረ አለው። 11 እና 12 ስድብ ናቸው፣ ዘልያቸዋለሁ።

ምላሽ 13 ደግሞ ወደኔ ዞረ። ይሄ ጠያቂ ራሱ ደላላ ነው፣ ገበያ ሊያጠና ነው የመጣው ብሎ ጠረጠረ። ደላላ ብሆን ኖሮ ጌሾ ለቅሜ አልኖርም ነበር። 14ኛዋ ተከላከለችልኝ፤ ደላላ እንዲህ ረጅም ጽሑፍ አይጽፍም፣ ስልክ ቁጥር ነው የሚጥለው አለች። ነገሩ በዚህ በረደ።

ቀጥሎ ውጭ ያሉት ወንድሞቻችን ተራ ደረሳቸው። 15ኛው ከአሜሪካ ነው። እዚያም ቢሆን ባዶ መኪና የለም ይላል። የኋላ ካሜራ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ በሕግ ግዴታ ነው፤ ካሜራ ካለ ስክሪን ይኖራል፣ ስክሪን ካለ ሌላውም ይከተላል። 16ኛው ከጀርመን ጨመረበት። አውሮፓ ላይ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ አዲስ መኪና የፍጥነት ወሰን አልፈሃል ብሎ የሚያስጠነቅቅ፣ በራሱ ፍሬን የሚይዝ፣ ሹፌሩ ሲያንቀላፋ የሚያነቃ መሣሪያ ከሌለው አይመዘገብም። ለሚያንቀላፋው እኔም ድምፄን እሰጣለሁ፤ ሌሊት የሚነዱ ሹፌሮቻችንን አውቃለሁ። ይኸው ሰው ግን አንድ ደስ የሚል ነገር አነሳ። እ.ኤ.አ. በ2013 እንግሊዝ አገር ዳሲያ ሳንዴሮ የሚባለው በ5,995 ፓውንድ ይሸጥ ነበር። ሬዲዮ የለው፣ መስኮቱ በእጅ፣ ፓራውልቱ እንኳ ቀለም ያልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክ። የኔ መኪና ማለት እሱ ነበር። ዛሬ ሳንዴሮ አለ፣ ያኛው ባዶው ግን ቀርቷል።

ምላሽ 17 የታታ ናኖን ታሪክ አመጣ፤ በጣም ስለወደድኩት ትንሽ ልቆይበት። ሕንዶቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ለዓለም ሲያሳዩት ዋጋው 1 መቶ ሺህ ሩፒ ነበር የተባለው። ሞተር ብስክሌት ላይ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጅ ተደራርበው የሚሄዱበት አገር ስለሆነ ቤተሰቡን ከዝናብ ለማስገባት ታስቦ ነው። ወጪ ለመቀነስ ያላደረጉት ነገር የለም። የመስታወት መጥረጊያው አንድ ብቻ። ጎማው በሦስት ብሎን የሚታሰር። የኋላው ዕቃ መጫኛ ከውጭ የማይከፈት፣ ወንበር አጥፈህ ከውስጥ የምትደርስበት። እንዲያም ሆኖ አልተሸጠም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ምርቱ ቆመ። አንደኛ እ.ኤ.አ. በ2014 በተደረገው የግጭት ፈተና ዜሮ ኮከብ አገኘ፤ 4ኛው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚል ገምቱ። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይልቅ የኛን አገር ይመስላል። በዓለም ርካሹ መኪና ተብሎ ስለተዋወቀ ሰው ርካሹን ሲነዳ መታየት አልፈለገም። የኩባንያው መሪ የነበሩት ራታን ታታ ራሳቸው በኋላ ይህ አነጋገር እንደጎዳው ተናግረዋል።

ይህ የነካው ሰው ብዙ ነው። 18ኛዋ የእህቷ ሠርግ ላይ የሙሽራው ወገን ያመጣው መኪና መስኮቱ በእጅ የሚዞር መሆኑ ለሳምንት መወራቱን ጻፈች። 19ኛው ከሠርግ መኪና ተነሥቶ ስለ አበባ ዋጋ፣ 20ኛው ስለ ቪዲዮ ቀራጭ አወሩ። ወደ መኪናው የመለሰን 21ኛው ነው፤ ከጣና ዓሣ አምጥቶ የሚሸጥ ሰው። ጠቃሚ ነገር ነው የተናገረው፣ ስለ ወለል። የድሮ ተራ መኪና ወለሉ ጎማ ስለሆነ በውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ያልቃል። አሁን ያሉት ሁሉ ምንጣፍ ናቸው፣ ከሥሩ ደግሞ ስፖንጅ አለ። አንድ ቀን የአምባዛው ውኃ ከላስቲኩ አፈትልኮ ስፖንጁ ውስጥ ገባበት። ወንበሩን በሙሉ አስፈታ፣ ምንጣፉን አስወጣ፣ በኦሞ አሳጠበ። ሽታው ግን መኪናው እስኪሸጥ አብሮት ኖረ። የሸጠው በጥር፣ ጠዋት በብርድ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ ነው። ገዢው ይህን ክር እንዳያነብ ጸልዩለት።

ምላሽ 22 ድሮ እዚሁ ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የተማሩ አባት ናቸው፤ ሶቪየቶቹ ባሠሩት ጊቢ የመጀመሪያዎቹ መምህራን ራሺያኖች በነበሩበት ዘመን። የላዳን ነገር ከሥሩ ያውቃሉ። ላዳ ከጣሊያኑ ፊያት 124 ነው የተወለደው። ራሺያኖቹ ለመንገዳቸው ብለው ብረቱን አወፈሩ፣ የኋላውን ፍሬን ቀየሩ፣ ባትሪ ሲደክም በእጅ ማስነሻ ብረት የሚገባበት ቀዳዳ ተዉለት። እ.ኤ.አ. በ2022 ማዕቀቡ ሲመጣ ደግሞ ላዳ ግራንታን ያለ ኤርባግና ያለ ኤቢኤስ አውጥተው ሸጡ። እንግዲህ በዚህ ዘመን ባዶ አዲስ መኪና ወጥቷል ማለት ነው፣ ግን ፈልገው ሳይሆን ቸግሯቸው። 4ኛው እዚህ ላይ ተመልሶ መጥቶ ኤርባግ የሌለው አዲስ መኪና እንደ ዜና ሊያስደስት እንደማይገባ ተናገረ። አባታችን ልጄ ልክ ነህ ብለው ነው የመለሱለት። ከክሩ ሁሉ የተከበረው ንግግር ይኼ ነው።

ከ23 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ነው። 23ኛው ወጣት ነው፣ ልቡ ሞልቶ ነው የሚጽፈው። እኛ ተራ መኪና የምንለውን በተሳሳተ ቦታ ነው የምንፈልገው ባይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለው፣ ፍሪሲዮን የለው፣ ማርሚታ የለው፣ የሞተር ዘይት የለው። በ2014 ከኤክሳይዝ፣ ከቫትና ከሱር ታክስ ነጻ ተደርጎ ነበር፤ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ ነበር የተተወው። ፋብሪካ ተራ መኪና መሥራት አቁሟል ወይ ላልኩት ደግሞ ቻይናን ተመልከት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ውሊንግ ሚኒ ሲጀምር 28,800 ዩዋን ነበር። ሁለት በር፣ አራት መቀመጫ፣ 9.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ፣ 120 ኪሎ ሜትር። የመጀመሪያው ደረጃ ማቀዝቀዣም ኤርባግም አልነበረውም። ከዚህ በላይ ባዶ ምን አለ? እውነት ለመናገር መልስ አጣሁ።

24ኛው ዶልፊን ግዛ አለኝ፣ 25ኛው ደግሞ ዶልፊን በናፍጣ ነው፣ ለአንድ ሰው ይበዛል፣ ረዳት ትቀጥራለህ እንዴ አለ። አንዱ የቻይናውን የቢዋይዲ ኩባንያ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ሌላው ሚኒባሱን ነበር የሚያወሩት። ሦስት ምላሽ ሙሉ ሲደነቋቆሩ ቆዩ። ዝም ብዬ አየኋቸው።

ምላሽ 28 ቁጥር የሚወድ ሰው ነው። ሲጋል የምትባለዋን የቢዋይዲ ትንሽ መኪና ወሰደ። ባትሪዋ በሁለት ዓይነት ይመጣል፣ 30.08 እና 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት፤ በቻይና መለኪያ 305 እና 405 ኪሎ ሜትር። ቤት ካለው ተራ ሶኬት 10 አምፔር ብትስብ በ220 ቮልት 2.2 ኪሎ ዋት ነው። ትንሿ ባትሪ ከባዶ እስክትሞላ ወደ 14 ሰዓት፣ ትልቋ ወደ 18 ሰዓት ትፈጃለች። መብራት ካልጠፋ። ለዘጌ ደርሶ መልስ በቂ ነው፣ ይተርፋል። አዲስ አበባ ግን በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ 560 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሃል ላይ ደግሞ የአባይ በረሃ አለ። መኪናና ሰው አንድ ላይ 1.5 ቶን ቢመዝኑ፣ 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ የመንገዱ ሌላ ነው። ከደጀን ቁልቁል ሲወረድ ከፊሉ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ፍሬኑ እንደማይግልም ጨመረ። በዚያ ቁልቁለት የከባድ መኪና ፍሬን ሲጤስ ያየ ሰው ይህችን ነጥብ አያናንቃትም።

ወረቀት ላይ እንዲህ ነው። መሬት ላይ ያለውን ያመጣችው 29ኛዋ ናት። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝታ በኪራይ ቤት ነው የምትኖረው። ኤክስቴንሽኑን ከሳሎን በመስኮት አውጥታ ነው የምትሞላው። አንድ ሌሊት የፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሳት። ሶኬቱን ስትነቅለው ቡናማ ሆኗል፣ አንዱ የፕለጉ እግር ቀልጦ ተጣብቆ ቀርቷል። ኤሌክትሪሻኑ መጥቶ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ለመብራት እንጂ ለእንዲህ ያለ ጭነት የተዘረጋ አለመሆኑን አሳያት። ከቆጣሪው ጀምራ ወፍራም መስመር ለብቻው አዘረጋች፤ ወጪው በሷ፣ ቤቱ የአከራይ። አሁን መኪናዋን ትወደዋለች፣ ነዳጅ ማደያ ደጃፍ ያለውን ሰልፍ ስታይ ፈገግ ትላለች። ስክሪኑ ግን እስከ ዛሬ በቻይንኛ ነው። ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን የምትለየው በሥዕሉ ቀለም ነው። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ነክታ መኪናው ለአንድ ወር በቻይንኛ ሲያናግራት ከርሟል። እህቴ፣ ትዕግሥትሽን ስጪኝ።

30ኛው ሁላችሁም ብስክሌት ግዙ አለ። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ እንደነበረች ረሳችሁት፣ ከተማዋ ሜዳ ናት፣ በዘንባባው ሥር ተማሪ ሁሉ በብስክሌት ነበር የሚሄደው። አዲሱን የአባይ ድልድይ፣ በግንቦት 2016 የተመረቀውን ባለ 380 ሜትሩን፣ ጠዋት በብስክሌት ተሻገሩትና እዩ። ያምራል፣ አልክድም። ጌሾውን ግን ማን ይሸከምልኛል?

ጋሼ ሜካኒኩ 33 ላይ ተመለሱ፤ ሁሉም ዲኤክስን ሊያወድሱ ነው ብሎ ጠብቆ ነበር። የጻፉት ሌላ ነው። በቅርቡ አንድ የተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና ጋራዣቸው ገብቶ ነበር። እግሩን፣ ሾኩን፣ የመሪውን ጫፍ እንደማንኛውም መኪና ፈትተው ገጠሙ። ሞተሩን አይተው ደነቃቸው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ብርቱካናማ ሽቦው ጋ ሲደርሱ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። እዚያ ውስጥ ያለው ቮልት የሚገድል ነው፤ ጓንቱም፣ መሣሪያውም፣ ሥልጠናውም የላቸውም። ለደንበኛው ይህንን አልነካም ብለው እውነቱን ነገሩት። ከዚያ የጻፉት ነገር ነው እኔን ያስቆመኝ፦ መኪና ተራ የሚሆነው ዕቃው ስላነሰ ሳይሆን ሰፈር ውስጥ የሚፈታው ሰው ሲኖር ነው፤ ዲኤክስም ሲመጣ ለአባታቸው ዘመን ሜካኒኮች እንግዳ ነገር ነበር። ለልጃቸው የሚሆን ሥልጠና ካለ የት እንደሚሰጥ እንድንጠቁማቸው ጠይቀዋል። የምታውቁ እባካችሁ እዚያው ሥር ጻፉላቸው፣ ቀልድ እንዳይሆን።

23ኛው ወጣት በዚህ ደስ ብሎት ፈነጠዘ፣ 10ኛው ደግሞ መብራት በፈረቃ በሆነበት አገር ብሎ ጀመረ፣ እንደገና ተያያዙ። ከ34 እስከ 37 የነሱ ነው።

ምላሽ 38 ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ታይላንድ ላይ ያወጣውን ሃይለክስ ቻምፕ አሳየኝ። ጋቢናና ጠፍጣፋ መጫኛ ብቻ፣ በ459,000 ባት የሚጀምር፣ ሌላውን ባለቤቱ እንደ ፍላጎቱ የሚቀጥልበት። ፎቶውን አይቼ ምራቄን ዋጥኩ። ትራንዚተሩ 39 ላይ ያንን የጅቡቲ ሒሳቡን ደግሞ አሰላልኝ፣ ምራቄም ደረቀ።

40ኛው ሁሉም የዘለለውን ነገር አነሳ። ቡናና ጌሾ የምትነግድ ከሆነ ኮድ 2፣ የግል ታርጋ ያለው መኪና ላይ ጭነህ ትራፊክ ቢያገኝህ መልስ የለህም፣ ኮድ 3፣ የንግዱ ታርጋ ነው የሚያስፈልግህ አለ። ትክክል ነው። ይህ ደግሞ ምርጫውን ወደ ትንንሽ የጭነት መኪናዎች ያዞረዋል፤ እዚያ መንደር ውስጥ መስኮት በእጅ የሚዞር፣ ወለሉ ጎማ የሆነ ነገር አሁንም አይጠፋም። ለምን ከመጀመሪያው ማንም አላለውም?

41 ላይ አንዱ ከባሌስትራው እስከ ጎማው ፋብሪካ እንደወጣ የሆነ፣ ብዙ ያልሄደ፣ ኮድ 3 ትንሽ የጭነት መኪና ፋሲሎ አካባቢ ቆሞ እንዳለው ጻፈ። ሰው የነዳው ስለሆነ አዲስ አይባልም፣ ግን ስክሪን የለውም ብሏል። ወንድሜ፣ ዋጋውን እዚህ አትጻፍ፣ በውስጥ መስመር ላክልኝ። ጋሼ እሺ ካሉኝ ቅዳሜ ጠዋት ይዣቸው እመጣለሁ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቀዝቃዛውን ነው ማየት የሚፈልጉት። ሊብሬው በስምህ ካልሆነ ግን ከአሁኑ ንገረኝ።